ጠይብ ማለት ጠቢብ ማለት ነው

በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለብረታ ብረትና ለሽመና ሠልጣኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ ጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። እኔ ብረት ቀጥቅጬ አላውቅም። ክርም ወርውሬ አላውቅም። ሥራዬ አርታኢነት ነው፤ የምውለው ከቃላት ጋር ነው። ስለዚህ ስለ ብየዳ የማስተምራችሁ ነገር የለኝም። የመጣሁት ስለ አንድ ቃል ላወራችሁ ነው። ቃሉ የእናንተ ነው። ግን ብዙ ቤት ውስጥ ሲነሣ ድምፅ ዝቅ ይደረጋል።

ቃሉ ጠይብ ነው።

አንዳንዶቻችሁ እርስ በርስ ተያያችሁ። አይቻለሁ። ቃሉ እስከ ዛሬ እንደሚያም አውቃለሁ፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

ያደግሁት ጎጃም ነው። አባቴ ገበሬ ነበር። ክረምቱ ሲቃረብ ማረሻውን ይዞ ወደ ጠይቡ ይሄዳል። አንድ ጊዜ እኔንም አስከተለኝ። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ልንወጣ ስንል እናቴ አንገቴ ላይ ያለውን ክታብ ነካ ነካ አድርጋ አስተካከለችው። «ዐይን ዐይኑን እንዳታይ። የሰጠህንም እንዳትበላ» አለችኝ። ያኔ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ልጅ ነኝ፤ ፈራሁ በቃ።

የጠይቡ ቤት ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ አጠገብ ነበር። አንድ የእኔ እኩያ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ወናፍ ይነፋል። ሁለት የቆዳ ወናፍ፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል። እሳቱ ትንፋሽ ሳያጣ ይነድዳል። ሰውዬው ማረሻችንን በጉጠት ይዞ ከከሰሉ አወጣው። ቀይ ሆኗል። አየት አደረገና መልሶ ከተተው።

አባቴ «ቀልቷል እኮ» አለው።

«ገና ነው» አለ።

እንደገና ሲያወጣው ቀይነቱ አልፎ ወደ ብርቱካንማ ሄዷል። መስፉ ላይ አስቀምጦ ሦስቴ አራቴ መታው። ደገመ። መጨረሻ ላይ ጫፉን ውኃ ውስጥ ነከረ። ጫፉን ብቻ። ውኃው ጮኸ። ወዲያው አወጣው፤ ጫፉን ፈተግ ፈተግ አደረገና ቀለሙን እያየ ዝም ብሎ ጠበቀ። ከቆይታ በኋላ እንደገና ነከረው። በቃ፣ አለቀ።

እናንተ ይኼን ነገር በክፍል ትማሩታላችሁ። ጫፉ ጠንክሮ ወገቡ ካልለዘበ ማረሻው ድንጋይ ሲያገኘው ይሰበራል። ሁሉም ከለዘበ ደግሞ ይታጠፋል። ከወገቡ የሚመለሰው ሙቀት ጫፉን ቢጫ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። የትኛው ቀለም ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው ባለሙያ። ያ ሰውዬ ቴርሞ ሜትር የለውም። ደብተር የለውም። ብረቱም የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ነበር። ዐይኑ ግን ነበረው። እናቴ እንዳላየው የከለከለችኝን ያንን ዐይን ማለቴ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ የማረሻውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «እጁስ እጅ ነው» አለ። እዚያ ቤት ግን ውኃ እንኳ አልቀመሰም ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ ልግባ።

ጠይብ የግዕዙ ጠቢብ ነው። ሌላ አይደለም፤ ራሱ ነው። ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ብልህ፣ በሥራው የተካነ ማለት ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን የምንለው ጠቢብ። ቃሉ በአማርኛ አፍ ላይ ሲከርም መካከል ያለችው «ቢ» ላላች። እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም። ግዕዙ ሰብእ ይላል፤ እኛ ሰው እንላለን። እዚያም «ብ» ላልታ «ው» ሆነች። ጠቢብም በዚሁ መንገድ ሄዶ ጠይብ ሆነ።

ታዲያ ግዕዙ ጠቢብ ከነክብሩ ቤተ ክህነት ቀረ። ሲሰበክ ጠቢብ፣ ሲዘመር ጠቢብ። አማርኛው ጠይብ ደግሞ ወንዝ ዳር ወረደ። አንድ ሰው እሑድ ጠዋት «ጥበብን ስጠኝ» ብሎ ይጸልያል። ሰኞ ጠዋት ጎረቤቱን «ይኼ ጠይብ» ብሎ ይሰድበዋል። በሁለቱም ቀን የጠራው አንድ ቃል ነው። አላወቀም እንጂ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንዲት ዘመዴ ከጅዳ ደወለችልኝ። እዚያ ሰው ቤት ትሠራለች። አሟት ነበር። አሠሪዋ «ወደ ጠቢብ እንሄዳለን» ስትላት ደነገጠች። እሷም የጎጃም ልጅ ናት፤ ጆሮዋ የሰማው ጠይብን ነው። ለካ በአረብኛ ጠቢብ ማለት ሐኪም ነው። ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

የአረብኛው ጠቢብና የእኛው ጠቢብ ከአንድ ሥር የበቀሉ ወንድማማች ቃላት ናቸው። ሥሩ መካንን፣ መራቀቅን ይናገራል። እዚያ ማዶ ቃሉ ነጭ ጋውን ለበሰ። እዚህ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ።

የበለጠ የሚገርመው ደግሞ ይኼ ነው። እኛ ሐኪም የምንለው ቃል ራሱ የአረብኛ ነው። መነሻ ትርጉሙም ጠቢብ፣ ብልህ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት። መድኃኒት የሚሰጠውን ሰው ለማክበር የሰው አገር «ጠቢብ» ተዋስን። የራሳችንን ጠቢብ ግን ማረሻ ለሚሠራልን ሰው መስደቢያ አደረግነው።

ጥበብ የሚለው ቃል ራሱ ከጥንት ጀምሮ የእጅ ሥራ አለበት። መጽሐፈ ምሳሌን ያነበበ ያስታውሳል፤ ጥበብ ቤቷን ሠራች፣ ሰባቱን ምሰሶዎቿን አቆመች ይላል። ጥበብ እዚያ ግንበኛ ናት። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ላይ ደግሞ ባስልኤል የሚባል ሰው አለ። እግዚአብሔር የእሱን መንፈስ ሞላበት፤ ጥበብም ማስተዋልም እውቀትም ሰጠው ይላል። ለምን? ወርቅና ብር ናስም እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ። ሰባኪ እንዲሆን አይልም። እኔ ይኼን ምዕራፍ ስንቴ እንዳነበብኩት አላውቅም፤ ያ የወንዝ ዳር ሰውዬ በሐሳቤ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም።

ግሪኮችም ጋ እንዲሁ ነው። በኋላ የፈላስፎች ቃል የሆነው ሶፊያ በሆሜር ግጥም ውስጥ የመርከብ አናጢ ችሎታ ስም ሆኖ ይገኛል። የኮሌጃችሁ ስም ላይ ያለው ቴክኒክም የግሪክ ነው፤ ቴክኔ ማለት የእጅ ሥራ እውቀት ነበር። እኛ ደግሞ እደ ጥበብ እንላለን። እድ እጅ ነው። እጅና ጥበብ በአንድ ስም ተሳስረው እያለ በአፋችን ለያየናቸው።

የሽመና ተማሪዎች፣ እናንተን አልረሳሁም። እንዲያውም ቃሉ ክብሩን ሳያጣ የቀረው እናንተ ጋ ነው።

ሽሮ ሜዳ ሄጄ አንድ ሸማኔ ሲሠራ ለረጅም ሰዓት ተመልክቻለሁ። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ተቀምጧል። ሜዳውን፣ ጌጥ የሌለውን የጨርቁን ክፍል ማለቴ ነው፣ ሲሠራ ዐይን አይከተለውም። እግሩ ይረግጣል፣ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ይበርራል፣ ማጉ ድሩ ውስጥ ይገባል፤ ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ። ከኔ ጋርም እያወራ ነበር። ከዚያ ጫፉ ላይ ደረሰ። ወሬው ቆመ። እጁ ዘገየ። ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ማንሣት ጀመረ። ሦስት አንሥቶ ሁለት ያልፋል፤ ባለቀለሙን ክር ያስገባል፤ ይመታል። ፊቱ ላይ የተሰቀለ ሥዕል የለም። ንድፉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። አንድ ክር ከተሳሳተ ዐሥር መስመር በኋላ ነው የሚታወቀው።

ያ ጫፍ ስሙ ምንድን ነው? ጥበብ ነው። የጥበብ ቀሚስ የምንለው ከዚያ መጥቶ ነው። ቀሚሱን ስትገዙም ዋጋውን የሚያወጣው ጥበቡ ነው። ሕዝባችን ያንን ጫፍ አይቶ ሌላ ስም ሊሰጠው ይችል ነበር። ዐይኑ ያየው ግን እውቀት ነው፤ ስለዚህ ጥበብ አለው። ሙሽራ ለብሳው ትወጣለች። ጨርቁን ጥበብ ብሎ ያከበረ አፍ የሠራውን ሰው ደግሞ «ሸማኔ» እያለ ይሰድብ ነበር። ይኼ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ብዙ ሰው የሚመልሰው በፍርሃት ነው። ድንጋይ አቅልጦ ብረት የሚያወጣ፣ ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ያስፈራል ይላሉ። ይሆናል። እኔ ግን ከፍርሃቱ በፊት መሬት አለ ባይ ነኝ።

በድሮው ሥርዓት ሰው ሰው የሚባለው በርስቱ ነበር። ርስት ያለው ያርሳል፣ ይከበራል፣ ይዳኛል። ርስት የሌለው በእጁ ይኖራል። ቤተ እስራኤልን ውሰዱ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነግሠው የነበሩት አፄ ይስሐቅ አወጡት የሚባል አዋጅ አለ፤ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም የሚል ነው። መሬት ያጣ ሕዝብ ምን ያደርጋል? ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ሸመነ፣ ግንብ ገነባ። ጎንደር ከተማ ስትሆን፣ ነገሥታቱ ግንብ ሲያሠሩ፣ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል እነሱ ነበሩ። ቱሪስት ፎቶ የሚነሣበት ግንብ ላይ የእጃቸው ሥራ አለ። ስማቸው ግን ጠይብ ሆነ፣ ቡዳ ሆነ። ዛሬ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃን የሚያያት ሰው የሸክላ ሥራ ይገዛል። የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ግን አብዛኞቹ ዛሬ የሚኖሩት እስራኤል አገር ነው።

እንግዲህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መሬት ተነፈጋቸው። ስለዚህ ሙያ ያዙ። ሙያ ስለ ያዙ ተናቁ። ስለ ተናቁ ደግሞ መሬት አይገባቸውም ተባለ። መከበር የሚገባው ቃል እዚህ መካከል ገብቶ ተፈጨ። የስድቡን መርዝ ያመጣው ቃሉ አይደለም፤ ከኑሮው ነው የተቀዳው።

ይኼን ያዩ ነገሥታት አልጠፉም። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ አሠሩ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጣ። መቅደላ ድረስ ለመጎተት መንገድ ሲጠረግ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። አምሳያው ዛሬ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ታዩታላችሁ።

በጣም የምወደው ግን የአፄ ምኒልክን አዋጅ ነው። 1900 ዓ.ም. ላይ የወጣ ነው። ሐሳቡን በራሴ ቃል ልንገራችሁ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚሸምነውን ሸማኔ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ ትሰድባላችሁ አሉ። ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ ነው፤ እግዚአብሔርም አዳምን በወዝህ ብላ ብሎታል አሉ። ከዚያ ወደ አውሮፓ ዞሩ። እዚያ መድፍና ጠመንጃ፣ ባቡርም የሚሠራው ሰው መሐንዲስ ይባላል፤ ይመሰገናል፣ ረዳትም ይጨመርለታል። እናንተ ግን በስድባችሁ ማረሻ የሚሠራ ሰው አሳጥታችሁ አገሬን ባዶ ልታስቀሩ ነው አሉ። ከእንግዲህ ሠራተኛን የሰደበ እኔን ሰደበ። ቅጣቱም አንድ ዓመት እስራት። ሹሙ ማሰር ከከበደው ይዞ ወደ እኔ ይላክልኝ።

ማረሻን አስተውላችሁልኛል? መድፉንና ባቡሩን ከጠሩ በኋላ የፈሩት ማረሻ እንዳይጠፋ ነው። ያቺን የአባቴን ማረሻ። ደግሞም ነገሩ የስም ነገር መሆኑን አይተውታል። አንዱ ሥራ፣ እዚያ መሐንዲስ፣ እዚህ ጠይብ። መሐንዲስ በአረብኛ በኩል የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ ፋርስኛ ሲሆን ልክ፣ መለኪያ ማለት ነው። የሚለካ ሰው። እንግዲህ ጠይቡ ምን ያደርግ ነበር? ቀለሙን እያየ ሙቀት ይለካ ነበር።

አዋጁ ስድቡን አጠፋው? አላጠፋውም። እኔ የተወለድሁት ከአዋጁ ብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ እናቴ ግን ክታቤን አስተካክላለች። ሥሩ መሬት ነው ብያችሁ የለ? የገጠር መሬት ለሕዝብ የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ርስት የለህም ብሎ የሚንቅ ሰው ምክንያት አጣ። ቃሉ ግን ከምክንያቱ ዕድሜ ይበልጣል። እስከ አሁን ጋብቻ ሲታሰብ «ዘራቸው ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እናንተም ሰምታችሁታል።

ስለ ሌሎቹ ቃላት በአጭሩ ልለፍ። ባለ እጅ የሚለውን እወደዋለሁ። እጅ ያለው ማለት ነው፤ ሁላችንም እጅ አለን፣ ግን ባለ እጅ አንባልም። ባለሙያ ደግሞ ሰፊ ቃል ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሠራውም ባለሙያ ነው። ዶሮዋን ዐሥራ ሁለት ብልት አድርጋ የምታወጣ፣ ሽንኩርቷን ሳታሳርር የምታቁላላ ሴትም ባለሙያ ናት። ቃሉ ሁለቱን አላበላለጠም። በዚህ ነገር አማርኛን አመሰግነዋለሁ። ኪነ ጥበብ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ኪን በግዕዝ የእጅ ብልሃት ነው። ዛሬ ኪነ ጥበብ ሲባል ገጣሚና ዘፋኝ፣ ሠዓሊና ተዋናይ እንጠራለን። አንጥረኛ ጠርተን እናውቃለን? በቃሉ መሠረት ግን መጀመሪያ መጠራት ያለበት እሱ ነበር።

ቃላትን ያቆዩልን ሰዎችም እንደ እናንተው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ነው የሠሩት። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡ። እሳቸውም ሳይታተም ዐረፉ፤ ለደስታ ተክለ ወልድ አስረከቡ። 1948 ዓ.ም. ላይ ታተመ። ሦስት ትውልድ። መምህሩ መዶሻውን አቀበለ፣ ልጁ ተቀበለ። ወናፍ የሚነፋው ያ ልጅም እንደዚሁ ነበር እየተማረ ያለው።

የያዝኩት ይኼን ያህል ነው። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

*

ጥያቄዎች ነበሩ። አንዱን ብቻ እዚህ ላስፍር።

ከኋላ ረድፍ የተቀመጠች የብረታ ብረት ሠልጣኝ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቤታችን ውስጥ ይኼ ቃል አይጠራም። ትርጉሙ ጥሩ ስለሆነ አሁን መጥራት እንጀምር ነው የሚሉት?»

እውነቱን ነገርኳት። እኔ ይህን ልፈቅድላትም ልከለክላትም አልችልም። ቃሉ እኔን አቁስሎኝ አያውቅም፤ ያኔ እኔ ከክታቡ ወገን ነበርሁ። የሚወስኑት አያቷና እናቷ፣ እሷም ናቸው። ጠቢብ ብለው ቢጠሩት የራሳቸው ነው፣ ጠይብ ብለው ቢጠሩትም የራሳቸው ነው፣ ባይጠሩትም የራሳቸው ነው። ከሌላው ሰው የሚጠበቀው ግን ያንን ቃል በስድብ አለመጥራት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ስንጨርስ ወርክሾፓቸውን እንዳይ ወሰደችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የራሷ ሥራ የሆነ ማጭድ ነበር። ከአሮጌ ባሌስትራ የተሠራ። አንሥቼ ጫፉን በአውራ ጣቴ ዳሰስሁት።

«ስለቱን ብቻ ነው የነከርሽው?» አልኋት።

«ስለቱን ብቻ» አለች። «ቢጫው ወጥቶ ወይን ጠጁ ሳይመጣ አቆምኩት።»

የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። የምሳ ዕቃዋን ከፈተች፤ ሽሮ ነው። ወንበር ስባ ሰጠችኝና አብረን በላን።